የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ

ሙሉነህን «ከነገሌ አዲስ አበባ ምን ያህል ይርቃል?» ብሎ የጠየቀ ሰው የዕለት ሥራውን ቢረሳው ይሻለው ነበር። አያልቅለትማ! መጀመሪያ ባርኔጣውን ያስተካክላል፤ ቀጥሎ እጁን ወደ ሰሜን ይዘረጋል፤ ከዚያ «በምን? በጃታኒ መኪና ነው ወይስ በሰው ወግ?» ይላል። በመኪና ከሆነ ወደራ ላይ ጭቃ፣ አዶላ ላይ ጫካ፣ ከዚያ ወዲያ ዳገት ነው። ጎማ ሲፈነዳ ማደር፣ ወንዝ ሲሞላ ማደር፣ ሾፌሩ ሲከፋው ማደር። «በአየር ግን» ይልና ጣቱን ያጮኻል፣ «አራት መቶ ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው። አንድ ሰዓት ተኩል! እዚህ የጠጣኸው ሻይ ሆድህ ውስጥ ሳይቀዘቅዝ አዲስ አበባ ትወርዳለህ።»

ይህን ሁሉ የሚለው ደግሞ እሱ ራሱ አንድም ቀን ተሳፍሮ ሳያውቅ ነው። ሰው ይህን እያነሳ ሲያሾፍበት «ቄስ ሁሉ ገነት ደርሶ መጥቶ ነው እንዴ የሚሰብከው?» ብሎ አፍ ያስይዛል። አፍ ማስያዝ ይችልበታል፤ ያጠፋውም ይኸው ነው።

ሙሉነህ የአውሮፕላን ወኪል ነበር። አውሮፕላኗ ሐሙስ ሐሙስ ከከተማው ወጣ ብሎ ሊበን ሜዳ ላይ ታርፋለች። የማረፊያው ሣር ለከብት እንጂ ለጎማ የበቀለ አይመስልም፤ ስለዚህ ከማለዳው ጀምሮ ላም ማባረር የሱ ሥራ ነው። ተሳፋሪውን በቆዳ መመዘኛ ሚዛን መመዘንም የሱ ሥራ ነው። ሜዳው ደህና ከሆነ እሳት አንድዶ እርጥብ ሣር ጣል ያደርግበታል፤ ፓይለቱ ጭሱን አይቶ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ያውቃል። ዝናብ ጥሎ መሬቱ ከራሰ ደግሞ ሁለት ረጃጅም የአቡጀዲ ቁራጮች አሉት፤ ሜዳው መሐል አንዱን ባንዱ ላይ አጋድሞ ያነጥፋቸዋል። ትርጉሙ አንድ ነው፤ አትውረድ። ይህን የሚያውቁት እሱና ፓይለቶቹ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ በፖሊስ ጣቢያው ሬዲዮ ስለሚነገር ጨርቁ ከሳጥኑ የሚወጣው ከስንት አንድ ቀን ነበር።

ጃታኒ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ቆዳ ጭኖ ይወጣል፣ ጨውና ጨርቃ ጨርቅ ጭኖ ይመለሳል። ሙሉነህን ባየው ቁጥር «አካም፣ ሙሉነህ! ያቺ አሞራህ ዛሬም እንቁላል ላይ ተኝታ ቀረች?» ይለዋል። ሙሉነህም «ያንተዋ ኤሊ ወደራ ደረሰች?» ብሎ ይመልሳል። ገበያተኛው ቆሞ ይስቃል፤ በተለይ ሐጂ ዓብዱልወሃብ ሱቅ በር ላይ ከተገናኙ ሐጂም የብርጭቆ ሻይ እያስመጡላቸው ያዳምጧቸዋል። ሐጂ በዕድሜ አባት ይሆኑታል። ሙሉነህ ነገሌ ሲመጣ ቤት ያከራዩት እሳቸው ናቸው፤ ሚስቱ በዛብሽ ስትታመም መድኃኒት ከፊልቱ ያስመጡለትም እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ይህን ልብ ማለት ነው።

ነገሩ የሆነው በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ሚያዝያ ላይ ነው። የሐጂ አንድያ ልጅ ራሕማ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ምጥ ያዛት። ባሏ ለከብት ንግድ ፊልቱ ወርዷል። አዋላጇ አደ ዲንኪቱ ሌሊቱን ሲለፉ አድረው ረቡዕ ጧት ወጡና ለሐጂ እቅጩን ነገሯቸው። «ልጁ ተጋድሟል። ከእጄ በላይ ነው። ሆስፒታል አድርሱልኝ፣ ዛሬውኑ።»

እንደ ዕድል ሆኖ ጃታኒ ቆዳውን ጭኖ፣ ሞተሩን አስነስቶ ሱቁ በር ላይ ቆሟል። ይርጋለም ሆስፒታል አለ። ወሬውን ሲሰማ ካቢናው ውስጥ ያለውን ዕቃ መሬት ላይ ወረወረና ፍራሽ እንዲመጣ አዘዘ። ሐጂ ግን ቆም አሉ። ያንን መንገድ ያውቁታል። ልጃቸው በዚያ ጉድጓድ ላይ ስትንገጫገጭ ታያቸው መሰለኝ፣ ዞር ብለው ሙሉነህን ፈለጉት።

«አንተ የመንገድ ነገር ታውቃለህ። ምን ትለኛለህ?» አሉት።

ሙሉነህ «ሂዱ» ሊል ነበር። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበረች፤ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ለራሱ ምሎ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ነገር ግን ጃታኒ ፍራሹን እያነጠፈ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ እንደ ልማዱ «እሱን ምን ያደርጉታል ሐጂ! የሱ አሞራ እስክትመጣ ልጁ ተወልዶ ጢም ያበቅላል» አለ። የተሰበሰበው ሰው በዚያ ጭንቅ መሐል ሳቀ። ሙሉነህም ደሙ ፈላ።

«ነገ ሐሙስ አይደል እንዴ?» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ምጥ የያዛትን ሴት ቆዳ መኪና ላይ ጭናችሁ ልትገድሏት ነው? ነገ ጧት ትሳፈራለች፤ አንድ ሰዓት ተኩል! ለምሳ አዲስ አበባ ሐኪም እጅ ላይ ናት። የጃታኒ መኪና ያን ጊዜ ገና ጭቃ ስትገፋ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ፣ ልጄ?»

«ሐጂ፣ ፀሐይ መውጣቷን ይጠራጠራሉ?»

አደ ዲንኪቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገር ግን የተማረ ሰው ተናግሯል፣ ያውም የመንግሥት ኮፍያ ያጠለቀ። ሐጂ ፍራሹ ይመለስ አሉ። ጃታኒ ዕቃውን ከመሬት እየለቀመ ወደ ካቢናው መለሰ፤ መሪውን ከጨበጠ በኋላ ግን አንገቱን በመስኮት አወጣ። ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም። «ሙሉነህ፣ ይቺ አንድ ሰዓት ተኩልህ መቆጠር የምትጀምረው ከመቼ ነው? ከዛሬ ነው ወይስ እሷ ስትመጣ?» አለው። መኪናውን አንቀሳቅሶ ሄደ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ማታውን የሚያዝያ ዝናብ ወረደ፤ ያውም እንዴት ያለ! ሙሉነህ የቆርቆሮውን ጩኸት እየሰማ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በዛብሽ «ምን ሆነሃል፣ ተኛ እንጂ» ብትለው «ሜዳው ውሃ ይውጣል፣ አሸዋማ ነው» አላት። ማንም ስለ ሜዳው አልጠየቀውም ነበር።

ጧት ሄዶ ተረከዙን ሲተክለው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ። ሌላ ቦታ ሞከረ፤ ገባ። ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሮጠ፤ ሬዲዮው በዝናቡ ደንቁሯል፣ ማንንም አያሰማም። ሲመለስ ራሕማን በቃሬዛ አምጥተው ከሜዳው ዳር ግራር ሥር አስተኝተዋታል። አትጮህም። ምጥ ይዟት ዝም ያለች ሴት ሲያይ የመጀመሪያው ነው፤ ጩኸቷ ይሻለው ነበር።

ሳጥኑን ከፍቶ አቡጀዲዎቹን አወጣ። ባያነጥፋቸውስ? አስቦታል፤ አላሰበውም አይባልም። ግን አውሮፕላኗ ውስጥ ሰው አለ፤ የሰው እናት፣ የሰው ልጅ አለ። በዚያ ጭቃ ላይ ብትወርድ አፍንጫዋን ተክላ ትገለበጣለች። ጨርቁን ታቅፎ ወደ መሐል ሲሄድ እግሩ እየከበደው፣ ከኋላው የሰው ትንፋሽ ሰማ። ሐጂ ናቸው። ጫማቸውን አውልቀው፣ ሽርጣቸውን ሰብስበው፣ ጭቃውን እየረገጡ ተከትለውታል።

«ብቻህን አትችለውም፤ አንዱን ጫፍ ስጠኝ» አሉት። «ምንድን ነው ግን?»

«ለአውሮፕላኗ ነው» አለ ሙሉነህ።

«እንድታየን?»

እዚህ ላይ እውነቱን ቢናገር ምን ነበረበት? አንድ አፍታ የሚያስጮህ፣ አንድ አፍታ የሚያሰድብ ነገር ነው። እሱ ግን ትናንት በፀሐይ የማለበትን አፉን ዛሬ ከፍቶ፣ ልጃቸው ግራር ሥር ተኝታ እያየ፣ «አትወርድም» ማለት አቃተው። «አዎ» አላቸው።

ሐጂ ጫፉን ያዙ። ወጥረው ያዙት። ነጋዴ አይደሉ፣ ጨርቅ ያውቃሉ፤ የተጨማደደውን በመዳፋቸው እያቃኑ፣ ነፋስ እንዳያነሳው ድንጋይ እየለቀሙ ጫኑበት። አንዱ ባንዱ ላይ በደንብ አልተጋደመም ብለው እንኳ መልሰው አስተካከሉት። «ጭሱስ? ዛሬ ጭስ የለም?» አሉ። «እንጨቱ ርሷል» አላቸው። ውሸት አንዴ ከጀመሩት ወንድም እኅቱን ይጠራል።

አውሮፕላኗ በሰዓቷ መጣች። ዝቅ ብላ ከራሳቸው በላይ ስታልፍ የግራሩ ቅጠል ተንቀጠቀጠ፤ ሰው ሁሉ እልል አለ፤ ሐጂ ጥምጥማቸውን ፈትተው እያውለበለቡ ጭቃው ውስጥ ሮጡ። አንድ ጊዜ ዞረች፣ ክንፏን ዘንበል አድርጋ አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ ወደ መጣችበት ደመና ገባች።

«አላየችንም!» አሉ ሐጂ። «ሙሉነህ፣ አላየችንም እኮ!»

«ደመናው ነው» አለ ሙሉነህ። «አላየችንም።»

የፖሊስ ላንድሮቨር ተለምኖ ራሕማን ይዞ የወጣው ከሰዓት በኋላ ነው። መንገዱ በዝናቡ ተበላሽቶ ነበር። ይርጋለም ሲደርሱ ሕፃኑ ሞቷል፤ ወንድ ነበር አሉ። እሷን አተረፏት፤ ግን ክፉኛ ተጎድታ ስለነበር ለተጨማሪ ሕክምና አዲስ አበባ አጎቷ ዘንድ ተላከች። ጃታኒ ያን ሐሙስ ዝናቡን ቀድሞ አልፎ ይርጋለም የገባው ገና በጧቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሙሉነህን ያየ ሰው ታሞ ነው ይል ነበር። «አንድ ሰዓት ተኩል» የምትለው ቃል ከአፉ ጠፋች። ተሳፋሪ ስንት ይፈጃል ብሎ ሲጠይቀው «ሲደርሱ ያዩታል» ይላል። ወደ ገበያ ሲሄድ በሐጂ ሱቅ በኩል ማለፍ ትቶ በቄራው ዞሮ ይሄዳል። ግን ምን ያደርጋል፤ ቢሸሻቸው እሳቸው ይመጣሉ! ስኳር በወረቀት ጠቅልለው ቤቱ ድረስ ይዘውለት ይመጡና «የአላህ ሥራ ነው፣ ልጄ። አንተማ ለፍተሃል፤ ያን ለት በጭቃ ስትሮጥ አይቻለሁ» ይሉታል። በሰው ፊትም ያመሰግኑታል። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይወድ ነበር። ቢሰድቡት፣ ቢከሱት፣ ቢመቱትስ! ምስጋናቸው ግን ገደለው።

ጃታኒም መቀለድ ተወ። መንገድ ላይ ሲገናኙ «ናጋ?» ይለዋል፤ «ናጋ» ይለዋል፤ ያልፋሉ። በዛብሽ ነገሩን ከዓይኑ አንብባ አንድ ቀን «ምን ያህል ልትሸከመው ነው? ንገራቸው» አለችው። ሊነግራቸውም ተነሳ፤ ሱቁ በር ድረስ ሄደ። ሐጂ ለአንዲት ደንበኛ ጨርቅ እየለኩ ነበር። እጃቸው የጨርቁን ጫፍ ይዞ ሲወጥረው አየና በሩ ላይ ቆመ። እሱ ቢናዘዝ ሸክሙ ይቀለው ይሆናል፤ እሳቸው ግን አውሮፕላኗን በገዛ እጃቸው እንደመለሷት ሊያውቁ ነው። ጨው ገዝቶ ተመለሰ።

ነሐሴ ገባ። አዲስ አበባ ክረምት ነው፤ ነገሌ ግን ደርቃ አቧራዋ ይጨሳል። ሐጂ አንድ ቀን እየሳቁ መጡ፤ ከሚያዝያ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አላያቸውም። «ራሕማ ድናለች! ጃታኒ በነፃ ላምጣት አለኝ፤ እኔ ግን እንቢ አልኩት። መንገድ በቅቷታል። በአውሮፕላን ትምጣ። አንድ ሰዓት ተኩል አይደል?»

«አዎ፣ ሐጂ» አለ ሙሉነህ።

ሐሙስ እስኪደርስ ሜዳውን እንደ ቤቱ ወለል ጠረገው። ጠጠሩን ለቀመ፣ የፍልፈል ጉድጓድ ደፈነ። ይህችን ልጅ በሰላም አውርዶ ለአባቷ ካስረከበ፣ ግማሹ እንኳ ይነሳለት ይመስለው ነበር። ያን ዕለት ከተማው ግማሹ ወጥቶ ግራሩ ሥር ተሰበሰበ። የከብት አርቢው የዋቆ ከብቶች እንደ ልማዳቸው ከሜዳው ማዶ ገብተው ነበርና ሙሉነህ እነሱን አባሮ እዚያው ጫፍ ላይ እሳቱን አነደደ። ሣሩን ጣለበት፤ ጭሱ ቀጥ ብሎ ተነሳ። የሞተሩ ድምፅ ከሰሜን ተሰማ። ዞሮ ወደ ሜዳው ተመለከተ።

መሐል ሜዳ ላይ ነጭ ነገር ተዘርግቷል።

ሐጂ ዓብዱልወሃብ ከሱቃቸው አዲስ ጣቃ አቡጀዲ ፈትተው፣ ከሱ ቁራጮች እጥፍ የሰፋ፣ እጥፍ የረዘመ አድርገው፣ አንዱን ባንዱ ላይ አጋድመውታል። ድንጋይ ጭነውበታል። የወዲያኛውን ጫፍ ጃታኒ ይዞ ይወጥራል። ሐጂ አጠገቡ ቆመው፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ይስቃሉ።

«አንሡት!» እያለ ሮጠ። «አንሡት! ሐጂ! ጃታኒ!» ነፋሱ ቃሉን ወደ ኋላው ወሰደው። አውሮፕላኗ እግሯን አውርዳ እየተጠጋች ነበር፤ በድንገት ሞተሯ አገሳና ቀና አለች። ዞረች። ሙሉነህ ደርሶ በጉልበቱ ተደፋና ድንጋዩን እየወረወረ ጨርቁን መጎተት ጀመረ፤ አንደኛው ተነሳለት፣ ሁለተኛው እግሩ ላይ ተጠመጠመ። በራሳቸው ላይ ስታልፍ መስኮቶቿ አንድ በአንድ ይታያሉ። ከነዚያ ካንዱ ጀርባ ራሕማ አለች። አውሮፕላኗ ወደ ሰሜን ሄደች።

«አሁንም?» አሉ ሐጂ፣ እጃቸው ገና እንደተዘረጋ። «እንዲህ አስፍቼውም አላየችንም?»

ሙሉነህ አቡጀዲውን ታቅፎ አቧራው ላይ ተቀምጧል። ከዚህ ወዲያ የሚደበቅበት አልነበረም።

«አይታናለች፣ ሐጂ» አለ። «አይታን ነው የሄደችው። ይህ ጨርቅ ሲነጠፍ… አትውረድ ማለት ነው።»

ጃታኒ የያዘውን ጫፍ ከእጁ ለቀቀው። ሐጂ ግን መጀመሪያ የገባቸው አልመሰለም። ሜዳውን አዩ፣ ደረቅ ነው። ጭሱን አዩ። ቀስ ብለው ወደ ሙሉነህ ዞሩ።

«እንግዲያ ያን ለትም…»

«መሬቱ ርሶ ነበር፤ ብትወርድ ትገለበጥ ነበር። እኔ ነኝ፣ ሐጂ! ረቡዕ ዕለት ‹ሂዱ› ማለት ሲገባኝ፣ ከጃታኒ ጋር እልህ ተጋብቼ…»

«እሱን አልጠየቅኩህም» አሉት። ድምፃቸው አልጨመረም። መዳፋቸውን ገልብጠው ያዩ ነበር። «ጫፉን የያዝኩት እኔ ነኛ። የተጨማደደውን እንኳ አቃንቼ።»

ሙሉነህ ያን ጊዜ አለቀሰ፤ ሰው አየኝ አላየኝ ሳይል። ጃታኒ ፊቱን አዙሮ «መኪናዋን ላዘጋጅ፣ ሐጂ። አዲስ አበባ ወጥቼ እኔው ይዣት እመጣለሁ» አለና ወደ ከተማው አቀና።

ሐጂ ቆመው ሰሜኑን ሲያዩ ቆዩ።

«ሙሉነህ» አሉ በመጨረሻ፣ «አሁን ተመልሳ አዲስ አበባ እስክትደርስ ስንት ይፈጅባታል?»

«አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሐጂ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የአቡጀዲውን አንድ ጫፍ ከአቧራው አነሡ። አራገፉት። ሌላኛው ጫፍ ሙሉነህ ጉልበት ላይ ነበር፤ እሱ ግን እጁን ሊያነሳ አልቻለም።

«ያዝ እንጂ» አሉት። «ብቻዬን አላጥፈውም።»